የቀይዋ መኪና አንድ ወንበር

ባለፈው ሳምንት ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ ሹፌሩ፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ ሙቀቱን አይቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተልኝ። ከመሪው ፊት ለፊት ካለው ክሩስኮት ቀዳዳ የወጣው ነፋስ አፍንጫዬን እንደነካው፣

«ልጄ፣ ጋዝህ እየቀነሰ ነው። ውስጡም ሻግቷል» አልኩት።

«ፋዘር፣ በአፍንጫ ነው እንዴ የሚመረምሩት?» ብሎ ሳቀ።

በአፍንጫም እመረምራለሁ፤ በጆሮም እመረምራለሁ። በዚህ ከተማ የመኪና ማቀዝቀዣን ነገር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ፤ እኔ እስካሁን አልሰማሁም። ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። መምህር፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ለዚህ ሙያ አላየሁም። በር የከፈተልኝ አንድ ክረምት ነው፤ በዚያ በር ገፍቶ ያስገባኝ ደግሞ ቅናት።

እርጥብ ጨርቅ፣ አሮጌ ቆዳና ቀጭን ዘይት ተቀላቅለው የሚሰጡት ያ ሽታ ወደ አባቴ ጋራዥ መለሰኝ። ጊዜው የደርግ ነው። የስድስተኛ ክፍልን ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ጋራዡ ከልደታ ማርያም ወደ አብነት ሲወረድ፣ ከቤታችን ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ አባቴ ቁልፍ ሲጠይቅ በጣቱ ቁጥር ያሳየናል። ብዙ ጊዜ ወደዚያ የሚመጡት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎችና ያረጁ የጭነት መኪኖች ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር መኪና በጭቃው ላይ እየተንሸራተተች ገባች። የጣሊያን ሥራ ናት። ለሩጫ የተሠራች ስለሆነች ውስጧ ያለው ወንበር ሁለት ብቻ ነው፤ አንድ ለሹፌሩ፣ አንድ ከጎኑ። የኋላ ወንበር የሚባል ነገር የላትም። እኔ በልቤ «ግማሿን የት ጥለዋት መጡ?» አልኩ። ከመሬት ያላት ርቀት በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ከእሷ የሚወርድ ሰው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

የወጣችው ወይዘሮ ሮማን ናት። ነጠላ ሳይሆን ሻሽ አስራለች፤ ጥቁር መነጽር ጸጉሯ ላይ ሰክታለች። መኪናዋ ከሟች አባቷ የቀረች ናት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው «አድኃሪ» እንዳይባል በሸራ ሸፍኖ ነበር የሚያስቀምጠው። እሷ ግን ባሏ መተሐራ ወደ ስኳር እርሻው ተዛውሮባት፣ እሱን ለማየት ስትል ሸራውን ገፍፋ አወጣቻት።

«ጋሽ ወልዴ» አለችው አባቴን፣ «ወደ መተሐራ ስወርድ ውስጧ እንደ ምድጃ ነው የሚግለው። አባቴ በነበሩበት ጊዜ ቀዝቃዛ ነፋስ ትሰጥ ነበር። ይሠሩልኛል?»

አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ አያውቅም። ኮፈኑን ከፍቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተና «እናየዋለን» አለ። አባቴ «እናየዋለን» ካለ ሥራውን ተቀበለ ማለት ነው።

ወሬው በሰፈሩ ወዲያው ተዳረሰ። ሐምሌ ነው፤ ሰው ሁሉ ካፖርትና ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሽ ወልዴ ብርድ የሚያመርት ማሽን ሊሠሩ ነው። በራችን ላይ ከዝናብ የሚጠለሉት ሽማግሌዎች ሳቃቸው አላቆም አላቸው።

«ወልዴ፣ ብርድ ካነሰህ ከእኔ ቤት ውሰድ እንጂ! ጣሪያዬ ቀዳዳ ነው፤ እንደ ልብህ ትቀዳለህ።»

እናቴ ግን አልሳቀችም። በእኛ ሰፈር ሰው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ዝጉት፣ ምች ሊመታን ነው!» ብሎ የሚጮህ ሕዝብ ነው። እናቴ ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። «ሰው ከነፋስ ይሸሻል እንጂ ነፋስ ሠርቶ በፊቱ ላይ ይለቃል?» አለች። በየሰዓቱ ፎጣ አስይዛ ወደ ጋራዡ ትልከኛለች፤ የአባቴ አንገት ላይ እንድጠመጥምለት። ቁጣዋ የሚብሰው ወይዘሮ ሮማን ሥራውን ለማየት በምትመጣባቸው ቀናት ነው። እኔም በልጅ ጭንቅላቴ አሰብኩና አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስኩ፤ ባለቤቷ ስትመጣ መኪናዋ ብዙ ብርድ ትለቃለች ማለት ነው አልኩ። ማታ አባቴ ቱታውን ሲያወልቅ እናቴ አንስታ ታሸተው ነበር። ከወንበሩ ቆዳ የተጋባበት የሽቶ መዓዛ ነበረው። እኔ የምታሸተው ብርዱን መስሎኝ፣ ብርድ እንዴት ይሸታል ብዬ እኔም ተደብቄ አሸተትኩት። ደስ የሚል ነበር።

አሁን ወደ ተስፉ ልምጣ።

ተስፉ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አባቱ ፍርድ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ይሠራሉ። ዘጠነኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ሸሚዙ ክረምት ከበጋ ነጭ የሆነ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። ወይዘሮ ሮማን የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ስታመጣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሆነ። አባቴ የሚያውቀው የሙያውን ጣሊያንኛ ነው፤ ቺንጋ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። እኔ በእንግሊዝኛ ገና ነበርኩ፤ በኋላ ከዘይት ቆርቆሮና ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እያነበብኩ ራሴን አስተምሬ ዛሬ ማንንም አላስተረጉምም። ያኔ ግን አባቴ «ተስፉን ጥራው» አለኝ። ራሴ ሄጄ ጠራሁት፤ በገዛ እግሬ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዡ የእሱ ሆነ። እኔ የምቀመጥበት፣ አሮጌ ጆንያ የተነጠፈበት የዘይት ጣሳ ነበር። አባቴ ጆንያውን አራግፎ ለተስፉ አስጠጋለት። እኔን «አንተ ልጅ» እያለ፣ እሱን «እስቲ የኔ ጌታ፣ ይቺን አንብብልኝ» ይለዋል። እናቴ ሻይ ስታመጣ የተስፉ ብርጭቆ ስኳር ነበረው። ስኳር በቀበሌ እየተመዘነ በሚታደልበት ጊዜ! የእኔን ቀመስኩት፤ መራራ ነው። ማንኪያውን ሳማስል በብርጭቆው ግርጌ ምንም አልነበረም።

«እማዬ፣ ለምንድነው ለእሱ ብቻ?»

«እንግዳ ነዋ!»

«በየቀኑ የሚመጣ እንግዳ አለ?»

«ሂድ ወዲያ፣ ምቀኛ!»

ምቀኛ አልነበርኩም። የእኔ የሆነውን ሌላ ሰው ሲወስደው ማየት እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ያውቀዋል። ተስፉ ገጽ ሲገልጥ የአባቴ ዓይን ገጹን ሳይሆን የተስፉን ፊት ያያል። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ተስፉ አነበበና «ጋሽ ወልዴ፣ በቱቦው ውስጥ የሚዞር ጋዝ አለ፤ እሱ ጠፍቶ ነው። ከመሙላታችን በፊት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ማግኘት አለብን» አለ። እኔ ስለ ጋዙ የራሴ እውቀት ነበረኝ። አብነት ያለው የፍሪጅ ጠጋኝ ዘንድ ያየሁት የብረት ጠርሙስ ውስጥ ያለው ብርድ ነው ብዬ አምን ነበር። በዚያን ጊዜ ትልልቅ ነገር ሁሉ ከሩሲያ ስለሚመጣ፣ ይሄም የሞስኮ ብርድ ታሽጎ የመጣ ነው ብዬ ለሰፈሩ ልጆች አስተምሬ ነበር። ሁሉም አምነውኛል። ዛሬ እውነቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ ጋዙ ብርድ አልያዘም፤ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ ውጭ አራግፎ የሚመለስ ተሸካሚ ነው። መጻሕፍት ይህን ለማስረዳት ገጽ ይጨርሳሉ።

አባቴ ያን ዕለት እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለ፦

«ስሙኝ። ሥራው ሲያልቅ ሙቀት ያለበት አገር ወስጄ ሳልሞክራት አላስረክብም። መተሐራ ደርሼ እመለሳለሁ። ከጎኔ አንድ ወንበር አለ። ቀዳዳውን ያገኘ እዚያ ላይ ይቀመጣል።»

ከከተማ ወጥቼ አላውቅም ነበር።  ተስፉን አየሁት፤ እሱም ያየኛል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ጦርነት የሆነው።

አባቴ በጎማ መንፊያ ቱቦዎቹን በአየር ሞላቸው። ምራቁን በጣቱ እየቀባ ኮፈኑ ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ሁሉ ፈተሸ፤ የሚተነፍስ ካለ ምራቁ ይፈላል። ምንም የለም። ሲነጋ ግን አየሩ አልቆ ይገኛል። ተስፉ «ምናልባት በክሩስኮቱ ጀርባ ይሆናል» አለ። ልክ ነበር፤ እኔ እውነት አልደብቅም። ግን እዚያ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የአባቴ ክንድ አይገባም። የተስፉም ክርኑ ላይ ቆመ። ምራቅ ደግሞ እዚያ ድረስ አይደርስም። ሳሙናም በሰፈሩ ጠፍቷል።

እኔ ጓሮ ነበርኩ። እናቴ ለፍልሰታ የሚለበሱትን ነጫጭ ልብሶች በእንዶድ ታጥባለች። እንዶዱን ቀጥቅጣ በገበቴ ውስጥ ስትመታው አረፋው እንደ ጥጥ ተቆልሎ ከጠርዙ ይፈሳል። ቆሜ አየሁት። እናቴ ልብስ ልታሰጣ ዞር ስትል ገበቴውን አንስቼ ሮጥኩ። ማንም አልነገረኝም፤ መጽሐፉ ውስጥም እንዶድ የሚል ቃል የለም፤ ተስፉን በኋላ አስፈትሼዋለሁ።

የዶሮ ላባ ሽቦ ላይ አሰርኩ። አረፋውን እየጠቀስኩ ክንዴን እስከ ብብቴ ድረስ በክሩስኮቱ ሥር አስገባሁ። በሹፌሩ በር በኩል ገብቼ ጉንጬ ወለሉ ላይ ተለጥፏል። የድሮ አቧራ፣ ዝገትና ያ ቀጭን ዘይት ይሸተኛል። አባቴ በባትሪ ያበራልኛል። ወይዘሮ ሮማንም መጥታ ስለነበር፣ ከተሳፋሪው በር በኩል ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ቱቦዎቹን ከሚያጋጥሙት ዳዶዎች ከአንደኛው ሥር አረፋው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ እንደሚተነፍስ እንቁራሪት አበጠ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ።

«አገኘሁት! አባዬ፣ እዚህ ነው፣ አገኘሁት!»

«የታለ? የታለ?» አባቴ በላዬ ተሻግሮ የሹፌሩ ወንበር ላይ ገባ። እሱና ወይዘሮ ሮማን ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ወደ ጉድጓዱ ሲያጎነብሱ ግንባራቸው ተጋጨ። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

ያን ጊዜ እናቴ ገበቴዋን ፍለጋ ከጋራዡ በር ላይ ደረሰች። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ቆመች። ባሏን አየች፣ ሻሿ የተንሸራተተባትን ሴት አየች፣ ሁለቱ በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ሲስቁ አየች። እኔን አላየችኝም፤ ውጭ የቀረው እግሬ ብቻ ነው።

«ደኅና ዋሉ፣ ወይዘሮ ሮማን» አለች ቀዝቀዝ ብላ።

«ደኅና ዋሉ፣ እትዬ ብርቄ! ልጅዎ ጉድ ሠራ እኮ!»

«ጉዱንማ አየሁት» ብላ ገበቴውን ይዛ ተመለሰች። እኔ ስለ እንዶዱ የተቆጣች መስሎኝ ደነገጥኩ።

ዳዶውን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሁለት ቁልፍ በመጋዝ አሳጥሮ ሰጠኝ። ተስፉ ከመጽሐፉ አንብቦ «በአንዱ ቁልፍ ያዘው፣ በሌላው አዙረው፤ አለዚያ ቱቦው ይጠመዘዛል» አለኝ። በአንድ እጄ ይዤ በሌላው አዞርኩ። ጣቴ ተላጠ። አልጮህኩም፤ ተስፉ እዚያ ቆሟል።

ከዚያ የፍሪጅ ጠጋኙ መጣ። ከአሮጌ ፍሪጅ በነቀለው ሞተር አየሩን መጠጠ፤ ከጠርሙሱ ጋዝ ሞላ። አባቴ ሞተር አስነስቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ሁላችንም እጃችንን ነፋሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ደቀንን።

«በረደ!» አለ አባቴ።

በራችን ላይ ከተጠለሉት ሽማግሌዎች አንዱ እጃቸውን ሰድደው ሞከሩና «ይሄማ የሐምሌ ብርድ ነው፤ የምን ማሽን?» አሉ።

«ቱቦው አልቦታል፣ አያዩም?» አለ የፍሪጅ ጠጋኙ።

«እኔስ አልቦኝ የለም? ዝናብ እኮ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮው፣ መኪናው፣ ሰዉ፣ ሁሉም እርጥብና ቀዝቃዛ ስለነበር ማሽኑ ይሥራ አይሥራ መለየት አልተቻለም። ፍርዱ ለመተሐራ ቀረ። አባቴ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣ፤ ወይዘሮ ሮማን የቤንዚን ኩፖኗን ሰጠች። ጉዞው ቅዳሜ ሆነ።

ዓርብ ዕለት አባቴ አንገቱን ማከክ ጀመረ። አባቴ አንገቱን ካከከ ቃሉን ሊያጥፍ ነው።

«ደረጀ፣ እየው» አለኝ፣ «እዚያ ሙቀት ውስጥ ከፍሪጅ ጠጋኙ የተዋስነውን የግፊት መለኪያ ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር የሚያስተያይ ሰው ያስፈልገኛል…»

«ቀዳዳውን ያገኘ ብለሃል!»

«ብያለሁ፣ ግን…»

ተስፉ ከጣሳዬ ላይ ሳይነሳ «ቦታው ራሱ በክሩስኮቱ ጀርባ ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ አልክ፤ እኔ አገኘሁ!»

«አንተ እንግሊዝኛህ ፊደል ቆጠራ ላይ ነው። መለኪያውን በላባ ልታነበው ነው?»

«አንተስ? ክርንህ እንደ ጉቶ ተሰንቅሮ የቀረው የማን ነው?»

«የእትዬ ብርቄን እንዶድ የሰረቅክ!»

«የእኛን ስኳር የጨረስክ!»

አባቴ «በቃችሁ! ጠዋት እወስናለሁ» ብሎ ወጣ። ያን ሌሊት ተስፉ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ በመስኮት እጁን ሲያውለበልብልኝ አየሁ፤ በሕልሜም አየሁ፣ ሳልተኛም አየሁ።

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። እኔ ፊቴን ታጥቤ፣ የዓመት በዓል ሱሪዬን ለብሼ በመኪናዋ በስተቀኝ በር ቆምኩ። ተስፉ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ መጣና ከጎኔ ቆመ። ሁለታችንም እጀታውን ይዘናል። አባቴ ከቤት ወጣ፤ እኛን አየና አንገቱን አከከ።

ከኋላው እናቴ ወጣች። ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች። ቀሚሷ ነጭ ነው፤ ያው በእንዶድ የታጠበው። ከሠርጓ ወዲህ ሳጥን ውስጥ የከረመ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋለች። በክንዷ ጋቢ ይዛለች። ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣች።

«ዞር በሉ» አለች።

ዞር አልን። በሩን ከፈተች፤ እንደ ወይዘሮ ሮማን መግባት ስላልለመደች መጀመሪያ ጭንቅላቷን፣ ቀጥሎ አንድ እግሯን፣ በመጨረሻ ራሷን ወረወረች። ጫማዋን አስተካክላ፣ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊት እያየች ተቀመጠች።

«ብርቄ…» አለ አባቴ።

«ምን ብርቄ? ብርዱን እኔ ልየዋ! ሌላ ሰው ሲያየው ነው የከረመ።»

«ምች ይመታኛል ስትዪ አልነበር?»

«ይምታኝ። ካንተ ጋር ይምታኝ። ንዳ!»

አባቴ እኔን አየኝ፣ ተስፉን አየው። ነዳ። መኪናዋ በጭቃው ላይ እየተወዛወዘች ወደ አብነት ታጠፈች። ተስፉ መጽሐፉን እንደያዘ፣ እኔ የዓመት በዓል ሱሪዬን እንደለበስኩ ቀረን።

ቀኑን ሙሉ በራችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ምሳ ሰዓት ላይ ተስፉ «አሁን መተሐራ ደርሰዋል» አለ። «አልደረሱም» አልኩ። እስኪመሽ የተነጋገርነው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሰዓት እላፊ ሳይገባ፣ ገና ብርሃን ሳለ ተመለሱ። እናቴ ከጉድጓዱ ወጣች። ሹሩባዋ ትንሽ ተፈትቷል፤ ጋቢውን የለበሰው አባቴ ነው። በእጇ የመተሐራ ሐብሐብ ይዛለች።

«እማዬ፣ በረደ?»

«ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ! ውጭው እሳት ነው፣ ሰው በጥላ ሥር እየተጋደመ ያየናል፤ እኛ ውስጥ ጋቢ ለብሰን እንንቀጠቀጣለን!» ብላ ሳቀች። አባቴም ሳቀ። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ነገር ያለ ይመስል እየተያዩ ሳቁ። ተስፉ «እትዬ ብርቄ፣ መለኪያው ስንት አለ?» ቢላት «ማን አየው፣ ልጄ!» አለችው።

ያን ጊዜ በተስፉ መቅናት ተውኩ። በእናቴ ቀናሁ። እኔ ያገኘሁትን ብርድ፣ ጣቴ የተላጠበትን ብርድ፣ እሷ ጠጥታው መጣች። ማታ ሐብሐቡን ሲቆርሱ አልበላሁም።

በማግስቱ ወይዘሮ ሮማን ስትመጣ ቁልፉን ያስረከበቻት እናቴ ናት። በፊት «እርስዎ» ትላት የነበረችውን «እህቴ፣ ሞክሬልሻለሁ፤ ለባልሽ በደኅና ድረሺ» ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻት፤ ጉንጯንም ሳመቻት። ቀይዋ መኪና ወጥታ ሄደች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ነሐሴ ልደታ ሆነ፤ ፍልሰታ ገባ። ልጆች ሁሉ ሊቆርቡ ነጠላቸውን ለብሰው ልደታ ማርያም ግቢ ሞልተዋል። አንዱ ስለ ፈተናው ይለምናል፤ አንዱ ስለ ታመመች እናቱ። እኔ ግንባሬን ከበሩ ላይ አስጠግቼ እመቤቴን የለመንኳት ያቺ ዳዶ ደግማ እንድታፈስ ነው። ያኔ መኪናዋ ትመለሳለች፤ ያኔ ወንበሩ የእኔ ይሆናል አልኩ። ፍልሰታን ሙሉ በየጠዋቱ እየሄድኩ ለመንኩ።

ወይዘሮ ሮማን ለእንቁጣጣሽ አባቴን ልትጠይቅ መጣች፤ መኪናዋ እንደ በረዶ ታቀዘቅዛለች አለች። ለገና መጣች፤ ታቀዘቅዛለች። ለፋሲካም መጣች። ጸሎቴ አልተሰማም ልበል? በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሳላይ ያጠበቅኳት ዳዶ ናት፤ እንዴት ብላ ታፍስስ!